የታሰረ አየርና የሚዘዋወር አየር

በክረምት ማታ ከሥራ ገብታችሁ የከሰል ምድጃ ስታስቀርቡ፥ እግራችሁ ገና እንደ በረደው ሳለ ከጣራው ሥር ያለው አየር አስቀድሞ መሞቁን አስተውላችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ይህን ነገር መርምረው ካስረዱት ሊቃውንት አንዱ ቤንጃሚን ቶምፕሰን፥ በማዕረግ ስሙ ኮንት ራምፎርድ የተባለው ሰው ነው። በ1753 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ ተወልዶ፥ በኋላ በባቫርያ ገዢ ዘንድ በከፍተኛ ሹመት አገልግሏል።

ራምፎርድ አንድ ቀን በአልኮል የተሞላ ትልቅ ቴርሞሜትር ከሞቀ በኋላ እንዲበርድ በመስኮት አጠገብ ቢያኖረው፥ በፈሳሹ ውስጥ የነበረው ትቢያ በመካከል ሽቅብ ሲወጣ፥ በዳር በዳሩ ቍልቍል ሲወርድ አየ። ከዚህም የሞቀው እየቀለለ እንደሚወጣ፥ የበረደው እየከበደ እንደሚወርድ፥ ሙቀቱንም ተሸክሞ የሚያዞረው ይኸው ዝውውር መሆኑን ተረድቶ ምርምሩን በ1797 አሳተመ። በአየርም ሕጉ አንድ ነው። ሆኖም ፈሳሽና አየር ያለ ዝውውር ሙቀትን ከቶ አያስተላልፉም ማለቱ ስሕተት ነበር፤ በጥቂቱ እንደሚያስተላልፉ በኋላ ታውቋል።

ከዚህ ቀደም በ1792 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ቴርሞሜትሩን በሐር፥ በበግ ጠጕር፥ በጥጥና በወፍ ላባ እየሸፈነ ፈትኖ፥ ሙቀትን የሚጠብቅልን በክሩና በጠጕሩ መካከል ታስሮ የቆመው አየር መሆኑን አስረድቶ ነበር። እናቶቻችን ፈትለው የሚያለብሱን አራት ድርብ ጋቢም ምስጢሩ ይኸው ነው።

በ1796 ደግሞ በግድግዳ ውስጥ ስለሚሠራው እሳት ማንደጃ ጻፈ። በእንግሊዝ አገር የጭስ መውጫው ጕሮሮ እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ፥ የቤቱን ሙቅ አየር ከጭሱ ጋር ጠርጎ ይወስድ፥ በምትኩም ብርድ በበሩ ስንጥቅ ይገባ ነበር። ራምፎርድ ጕሮሮውን ወደ 4 ኢንች አጠበበው፤ የማንደጃውንም ጎኖች ሙቀትን ወደ ቤት እንዲመልሱ አድርጎ አዘነበላቸው። ጭሱ በደኅና ወጣ፤ ቤቱም በጥቂት ማገዶ ሞቀ።

ልብ በሉ፤ መውጫውን አጠበበው እንጂ አልደፈነውም። ብዙዎቻችን ግን ሙቀቱ እንዳይወጣብን በሩንና መስኮቱን ዘግተን፥ ከሰሉን በአጠገባችን አድርገን እንተኛለን። ፍም ጭስ ስለሌለው ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከእርሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የሌለው ጋዝ ነውና የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድለዋል። መስኮቱን ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉን ወደ ደጅ አውጡ፥ ጋቢውንም ደርቡ። አየሩን በልብሳችሁ ውስጥ እሰሩት እንጂ በቤታችሁ ውስጥ አትሰሩት።