ዕቃ ቤት ወይስ መጽሐፍ ቤት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ስሕተት ጽፌ አሳትሜአለሁ። የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ዜና መዋዕል ስለ ጻፉት ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ባወጣሁት አጭር ጽሑፍ፣ መጽሐፋቸው በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እስኪታተም ድረስ ተሸሽጎ እንደኖረና የውጭ ሰው አንዲት ገጹን እንዳላያት በድፍረት አተትሁ። ይባስ ብዬም «በቤተ መጻሕፍት ብፈልግ ሌላ ኅትመት አላገኘሁም» የሚል ዐረፍተ ነገር ጨመርሁበት።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ አንባቢ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው ስድብ የለበትም፤ ለዚህም ይሆናል ይበልጥ ያሳፈረኝ። «እርስዎ ተሸሽጎ ኖረ ያሉት መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ታትሟል። ትርጉሙ ከዋናው ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ቀድሞ የታተመ መሆኑ ራሱ የሚያስገርም ታሪክ ነበር፤ ሳይጽፉት ቀሩ» ይላል። እውነታቸውን ነበር። እኔ ያመለጠኝ አንድ ዓመተ ምሕረት ብቻ አይደለም፤ የጽሑፌ ዋና ቁም ነገር ሊሆን የሚገባው ጉዳይ ነው ያመለጠኝ።

ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ወደዚያው ወደ ፈለግሁበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተመለስሁ። ጡረታ የተቃረቡ፣ ሁሉም «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው አንድ ባለሙያ ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። አልሳቁብኝም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦

«በምን ፊደል ፈለግኸው?»

በአማርኛ መፈለጌን ነገርኋቸው። «በየትኛው አማርኛ?» አሉኝ፤ ቀጥለውም ወረቀት አወጡና ይቆጥሩልኝ ጀመር። «ገብረ ሥላሴ» የሚለው ስም በንጉሡ «ሠ» ወይም በእሳቱ «ሰ» ይጻፋል፤ መጨረሻው «ሴ» ወይም «ሤ» ይሆናል፤ ተለያይቶ ወይም ተያይዞ ይጻፋል። ይህ ስምንት መንገድ ነው። «ጸሐፌ ትእዛዝ» ደግሞ «ጸ» በሁለት፣ «ሐ» በስድስት፣ «እ» በሁለት ዓይነት ይገባል፤ ሃያ አራት መንገድ ነው። ማዕርጉና ስሙ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ሊቃውንት የማይቀበሉትን አጻጻፍ ጨምሮ፣ 192 መንገድ ይሆናል። «ይህ እንግዲህ በግእዝ ፊደል ነው» አሉኝ። «ፈረንሳዮቹ በላቲን ፊደል እንዴት እንደ ጻፉት ገና አልነገርሁህም።»

ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ነገ ጠዋት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለመምህራን የምርምር ዐውደ ጥናት አለን። አንተ ከሁለቱም ወገን አይደለህም፤ ነገር ግን ከኋላ አንድ ወንበር አይጠፋም።» የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በማግሥቱ ከኋላ ተቀመጥሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወንበር የመጣ ነው።

*

ለመሆኑ ቤተ መጻሕፍት ማለት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን መጻሕፍት የተደረደሩበት ቤት ነው ብለን እናልፈዋለን። የቤተ ክህነታችን ትውፊት ግን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያውቃል። መጻሕፍቱ ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር የሚጠበቁበት ቦታ «ዕቃ ቤት» ይባላል። «መጽሐፍ ቤት» የሚባለው ሌላ ነው፤ ንባቡንና ዜማውን ያለፈ፣ ቅኔውንም የተቀኘ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ከነትርጓሜያቸው የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ በአባቶቻችን ቋንቋ መጽሐፍ ቤት መጽሐፍ የሚቀመጥበት ሳይሆን ሰው ለመጽሐፍ የሚቀመጥበት ነው። ዕቃ ቤት ቁልፍ ይበቃዋል፤ መጽሐፍ ቤት ግን ያለ መምህር አይቆምም።

የአስኳላውን ትምህርት ታሪክ ብንመለከትም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በ19ኛው ምዕት ዓመት ሊዮፖልድ ፎን ራንከ በርሊን ላይ ጥቂት ተማሪዎችን ሰብስቦ ምንጭን ከነጓዙ እንዲመረምሩ ሲያስተምር፣ የታሪክ ሴሚናር የሚባለው ልማድ ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተው የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያንን የጀርመን ልማድ ወረሰ። በሁለቱም ዘንድ ተማሪ ከመምህሩ የሚቀበለው የተጠናቀቀ ታሪክ ሳይሆን ታሪክ የሚፈለግበትን መንገድ ነው።

ወደ እኛ ከተማ እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት፣ መጻሕፍቱን እንዲያደራጁ የተሾሙት ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ ነበሩ። እኒህ ሰው በመደርደሪያው መካከል ብቻ አልቀሩም። ከተማሪዎቹ ጋር የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ፤ ተማሪዎቹ ስለ ሕዝባቸው ልማድና ባህል የጻፉትም በማኅበሩ መጽሔት ይታተም ጀመር። እዚህ ላይ ልብ እንበል። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆነ ሰው መጽሐፍ ከማበደር አልፎ መጽሐፍ እንዲወለድ አደረገ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ባለሥልጣኖች የተረሸኑበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር፣ ኾይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ደም የፈሰሰበት ቤት የንባብ ቤት ለመሆን በቃ።

የሪቻርድ ባለቤት ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት ደግሞ በፊት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሠሩ፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት የመሩ ናቸው። ስለ እሳቸው ሲነሣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው እ.ኤ.አ. በ1973 ስላሳተሙት ስለ አፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ጥናታቸው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው መቅደላ ላይ ያከማቹት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተዘረፈ፤ ከዚያም ወደ 350 የሚሆነው ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። ዊልያም ራይት የሙዚየሙን የግእዝ መጻሕፍት ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመ። ለብዙዎቻችን ካታሎግ አሰልቺ ዝርዝር ነው። ለሚያውቅበት ግን የተበተነ ቤተ መጻሕፍት እንደገና የሚታይበት መስኮት ነው፤ ያችን የተበተነች የመጻሕፍት ጉባኤ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆነች ሴት ዳግመኛ እንድናያት ማድረጓም በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አፄ ዮሐንስ አራተኛም እ.ኤ.አ. በ1872 ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ከተወሰዱት መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠይቀዋል፤ መጽሐፉም ተመልሶላቸዋል። ንጉሡ የመጽሐፉን ስም ያውቃሉ፤ የተወሰደበትንም አገር ያውቃሉ። ስለዚህ መጠየቅ ቻሉ፤ ስለ ጠየቁም አገኙ። ስሙን ያልያዝነውን፣ ያለበትን ያላወቅነውን ማን ይመልስልናል?

*

ወደ ዐውደ ጥናቱ ልመለስ። ተሳታፊዎቹ ሃያ ያህል ናቸው። ጋሼ ለእያንዳንዳቸው አንድ የመጽሐፍ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አደሉና «ግማሽ ሰዓት አላችሁ፤ አምጡ» አሉ። ከፊት የተቀመጡ አንድ መምህር «ይህ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሰጥ ነው» ብለው አጉረመረሙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጽሐፉን ይዞ የተመለሰው ሰው ከግማሽ በታች ነው። ያጉረመረሙት መምህርም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጋሼ አንድ በአንድ ምክንያቱን ፈቱላቸው። አንደኛው የተሳሳተው በደራሲው ስም ነው። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጠራለን፤ የውጭ ካታሎግ ግን አንዳንድ ጊዜ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ስለዚህ ባሕሩ ዘውዴን «ባሕሩ» ላይ ያጣ ሰው «ዘውዴ» ላይ ይፈልግ። ሌላዋ የተሳሳተችው በዘመኑ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህን ቁጥር የፈረንጅ ዓመት አድርጎ የመዘገበ ወይም ያነበበ ሰው መጽሐፉን ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት ይወልደዋል፤ በዚያ ላይ የሚሠራው የታሪክ ክርክርም መሠረቱ የተናጋ ይሆናል።

«ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ አያቃልለውም ወይ?» ብሎ አንድ ወጣት ጠየቀ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት «ጸ» እና «ፀ» ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በድምፅ አንድ መሆናቸውን ለማሽኑ ካልነገሩት አያውቅም። ጋሼ ይህን አስረድተው ሲያበቁ «ማሽኑ የጠየቅኸውን እንጂ የፈለግኸውን አይሰጥህም» አሉ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኋት።

ከምሳ በኋላ የመጣው ነገር ግን በማስታወሻ የሚያልቅ አልነበረም። የከሰዓቱ ርእስ ያልታተሙ የመመረቂያ ጽሑፎች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1979 የማስተርስ፣ በ1987 የዶክትሬት ትምህርት ጀመረ። የታሪክ ትምህርት ክፍሉም በየጊዜው ሴሚናር እያደረገ ጥናቱን ለባልንጀሮቹ ሂስ ያቀርብ ነበር፤ አራተኛው ሴሚናር ከሐምሌ 1 እስከ 5 ቀን 1979 ዓ.ም. አዋሳ ላይ ተደርጎ ጽሑፎቹ ታትመዋል። ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ከተጠቀሙባቸው ምንጮች መካከል የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ይገኙባቸዋል። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ወደ ትውልድ አገሩ ወርዶ ሽማግሌ ጠይቆ የጻፈው፣ ከዓመታት በኋላ የአገር ታሪክ ማገር ይሆናል።

ጋሼ ይህን ሲያስረዱ አንዲት የማስተርስ ተማሪ እጇን አወጣች። ስለ አንዲት የገበያ ከተማ ታሪክ ስትሠራ ዓመት አልፏታል። የዚያን ዕለት ጠዋት በልምምዱ መካከል፣ ሌላ ነገር ስትፈልግ፣ በዚያችው ከተማ ላይ ከብዙ ዓመታት በፊት የተጻፈ ጥናት አግኝታለች። የከተማዪቱ ስም በሌላ ፊደል ስለ ተጻፈ ከዚያ በፊት አላየችውም። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ አሁን እኔ ምን ላድርግ? ዓመቴ ባከነ ማለት ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። በጸጥታው መካከል ጠዋት ያጉረመረሙት መምህር ተነሡ። አማካሪዋ ኖረዋል ለካ። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አሉ። «ርእሱን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ የተጻፈ የለም ያልኋትም እኔ ነኝ። ፈልጌ አልነበረም፤ የማውቅ መስሎኝ ነበር።»

አንባቢዬ፣ እኔ ያን ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። እኔ «የለም» ብዬ የጻፍኋት ቃልና እሳቸው «የለም» ብለው የተናገሯት ቃል አንድ ናት። ልዩነታችን የእኔ በመጽሔት መውጣቷ፣ የእሳቸው በአንዲት ልጅ ዓመት ላይ መውደቋ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረታችን ገና ላልጠመጠመ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። የሚከብደው ግን ለጠመጠመው ነው። ማዕርግ ከፍ ባለ ቁጥር «ይህን አላውቅምና አሳዩኝ» ማለት ያሳፍራል፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በአንድ ቀን የሚጠይቀውን ሊቁ ዕድሜ ልኩን ሳይጠይቅ ሊኖር ይችላል።

ጋሼ ልጅቱን ወደ ጠረጴዛቸው ጠሩና የድሮውን ጥናት አስወጡላት። ገልጠው የመጨረሻውን ክፍል አሳዩዋት፤ ያነጋገራቸው ሽማግሌዎች ስም ዝርዝር ነው። «ከእነዚህ ስንቶቹ ዛሬ በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቋት። እያነበበች አንድ በአንድ ቆጠረች፤ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። «እንግዲህ ዓመትሽ አልባከነም። ይህ ሰው አንቺ ልታነጋግሪያቸው የማትችያቸውን አነጋግሮልሻል። እሱ ካቆመበት ጀምሪ፤ የሁለቱንም ደጅ ሳይመሽ አንኳኪ» አሏት። አማካሪዋም ወንበራቸውን ስበው ከጎኗ ተቀመጡና ሦስቱ አብረው ያነቡ ጀመር።

እኔ ያየሁት መጽሐፍ ቤት ያ ነው፤ አንድ መጽሐፍ በመካከል፣ ሦስት ሰዎች በዙሪያው። ያ ጥናት ለዘመናት ከመደርደሪያው አልጠፋም ነበር። ተጠብቆ ኖሯል፤ አቧራው እንኳ ተጠርጓል። ግን በዕቃ ቤት ነበር።

ዛሬ መጽሐፍን መጠበቁ ከቀድሞው ቀሏል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት አንሥቶ ቅጂውን አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በኮሌጅቪል አኑሯል። እነዚያን መጻሕፍት ዓለም ሊጠይቃቸው የቻለው ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ከቆሰሉ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ለዓመታት አንዱን ብራና ከሌላው እየለዩ ይዘቱን ስለ መዘገቡት ነው። ፊልም ማንሣቱ ዕቃ ቤት ሠራ፤ የእሳቸው ካታሎግ መጽሐፍ ቤት አደረገው።

ለአንባቢዬ ለደብዳቤው መልስ ጽፌአለሁ፤ ስሕተቴንም አርሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ «የለም» የምትለውን ቃል ከመጻፌ በፊት ሰው እጠይቃለሁ። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። ወንበራቸው ላይ የተቀመጠችው ወጣት ባለሙያ ባለፈው ሰሞን አንድ መጽሐፍ አጥቼ ስቀርባት፣ ገና አፌን ሳልከፍት እንዲህ አለችኝ፦

«በምን ፊደል ፈለጉት?»