«ፓስተር»፦ ስሙን እየለወጠ ሥራውን የቀጠለ የምርምር ተቋም

ሽሮ ሜዳ በሚገኝበት በጉለሌ ክፍለ ከተማ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በብዙ ነዋሪዎች ዘንድ ዛሬም «ፓስተር» እየተባለ ይጠራል። ይህ ስም ከመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ከወረደ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል።

የተቋሙ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1950 ከፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ጋር በተደረገ ስምምነት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። በ1964 ማዕከላዊ የላቦራቶሪና የምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ። በደርግ ዘመን፣ በ1985፣ ብሔራዊ የጤና ምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ። ከሥርዓት ለውጡ በኋላ በ1995 ከኢትዮጵያ ሥነ-ምግብ ኢንስቲትዩትና ከባህል ሕክምና መምሪያ ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ-ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት የሆነ ሲሆን፣ ማቋቋሚያው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 4/1988 ነበር። የአሁኑን ስያሜ ያገኘው በደንብ ቁጥር 301/2006 ነው።

እንዲህ ያሉ ደንቦች የቀድሞውን መሥሪያ ቤት መብትና ግዴታ ለአዲሱ ያስተላልፋሉ። የባለሙያውን ማስታወሻና የሥራ ልምድ ግን አንቀጽ ብቻውን አያስተላልፍም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ትብብር በተቋቋመውና በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ-ምግብ ኢንስቲትዩት በሆነው የሕፃናት ሥነ-ምግብ ክፍል ነበር። የፋፋ ዱቄትም የዚሁ ክፍል ውጤት ነው። የሠንጠረዡ ሦስተኛ ክፍል ከ1968 እስከ 1997 ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ሆኖ ታተመ፤ ማለትም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተጀመረው ሥራ በደርግ ዘመን አልፎ በኢሕአዴግ ዘመን ለኅትመት በቃ። ቁጥሮቹ ብቻቸውን ግን በቂ አይደሉም። በጤፍ ውስጥ ያለው የብረት መጠን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረው እህሉ በአውድማ ላይ ሲበራይ ከአፈር ጋር ስለሚቀላቀል ጭምር ነው። ናሙናው ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ መመርመሩን የሚገልጸው የላቦራቶሪ መዝገብ ከጠፋ፣ ከዓመታት በኋላ ቁጥሩን የሚያነብ የፕሮግራም ኃላፊ የደም ማነስን በሚመለከት የተሳሳተ ውሳኔ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የተከማቸ ልምድ በአስቸኳይ ጊዜም ይፈተናል። ኢንስቲትዩቱ የኮሮና ቫይረስን በራሱ ላቦራቶሪ መመርመር የጀመረው በ2012 ዓ.ም. የካቲት ወር ገደማ ሲሆን፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው በዚያው ዓመት መጋቢት 4 ቀን ነው።

የተግባር ሽግሽጉ በዚህ አላበቃም። ከ1995ቱ ውሕደት ጋር የመጣው የባህል መድኃኒት ምርምር በኋላ ወደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተዛውሯል፤ በእንዲህ ዓይነቱ ርክክብ ከዕቃው ዝርዝር ይልቅ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው የዕፀዋቱ ናሙና ከየት፣ መቼና በማን እንደተሰበሰበ የሚያሳየው መዝገብ ነው።