ከኅብረ ትርኢት እስከ አይድል፦ ማሲንቆና ቀልድ በቴሌቪዥን

ያደግኩት የካ፣ ኮተቤ አካባቢ ነው። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ይቆጠር ስለነበር በበዓል ዋዜማ ልጅ አዋቂው አንድ ሳሎን ውስጥ ይታጨቅ ነበር። የሚጠበቀው ኅብረ ትርኢት ነው፤ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ አጭር ድራማና ቀልድ በአንድነት የሚቀርብበት ዝግጅት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቀለም ማሰራጨት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን ብቸኛው ጣቢያ እሱ ስለነበር ቀልደኛውም ሆነ ዘፋኙ በአገር ደረጃ ለመታወቅ በዚያው በር ማለፍ ነበረበት። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በጥንድ፣ ተስፋዬ ካሳ ደግሞ ለብቻው ያቀረቧቸው ቀልዶች ከየቤቱ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። አለባቸው ኋላ «አለቤ ሾው»ን ይዞ ብቅ ብሏል።

የባህል ሙዚቃው ግን አንድ ችግር ገጥሞታል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ግጥሙ የአድማጩም ነው፤ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው እዚያው በማሲንቆው ያዜመዋል። ቀልዱም ሰምና ወርቁም ያለው እዚያ ቅብብል ላይ ነው። ስቱዲዮ ሲገባ ሰዓቱ ይለካል፣ ብዙ ጊዜም ድምፁ ከካሴት ይለቀቅና ማሲንቆው ለዓይን ብቻ ይያዛል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው «ኢትዮጵያን አይድል» በእንግሊዝ በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን «ፖፕ አይድል» የመሰለ ውድድር ነበር። ከዳኞቹ አንዱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ፈለቀ ኃይሉ ነበሩ። ቀጥሎ አብርሃም ወልዴ ያዘጋጀው «ባላገሩ አይዶል» ስሙን ከገጠሩ ወሰደ፤ የመጀመሪያው አሸናፊም ዳዊት ጽጌ ሆነ። ሰይፉ ፋንታሁን በኢቢኤስ ያቀረበው ዝግጅት ደግሞ ጨዋታን፣ ቀልድንና ሙዚቃን አንድ መድረክ ላይ አገናኘ።

ውድድሮቹ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለወጣቱ አስተዋውቀዋል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ይሁን እንጂ ዳኛ የሚመዝነው ድምፅን እንጂ ቅብብልን አይደለም።

ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ መንገዱ ላይ የሚቆም ሰው የምለው ይገባዋል። ወጣቶች ክብ ሠርተው አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ይሳቃልም። ካሜራው ወደዚያ ክብ መሃል እስኪገባ ድረስ ማሲንቆው በቴሌቪዥን እንግዳ ሆኖ ይቀጥላል የሚል ስጋት አለኝ።