ጠጠር፣ ዘንግና አሥር ካሬ፦ የሕፃናት የቁጥር ጨዋታ ታሪክ

የቁጥር ግንዛቤ ቁጥርን በቃል ከመደርደር ያለፈ ነገር ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ሳይሳሳት እስከ አሥር የሚዘልቅ የአራት ዓመት ልጅ፣ ሰባት ከአራት ይበልጥ እንደሆነ ሲጠየቅ ግራ ሊጋባ ይችላል። የቃላቱን ተራ ያውቃል፤ ቃላቱ የሚያመለክቱትን ብዛት ግን ገና አልጨበጠም። ይህን ክፍተት ጥቂት ልጆች አንድ ላይ ሆነው በሚጫወቱት ጨዋታ መሙላት በትምህርት ቤት ታሪክ የሁለት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሐሳብ ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ ግን ከዚያም በፊት ነበረ።

በኢትዮጵያ ለቀለልቦሽ አምስት ጠጠር ይበቃል። በተለመደው አጨዋወት አንዷ ጠጠር ወደ ላይ ትወረወራለች፤ ተመልሳ እስክትቀለብ ድረስ መሬት ላይ የቀሩት አራቱ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱም በአንድ አፍታ ይለቀማሉ። የመማሪያ መጽሐፍ በአንድ ገጽ የሚደረድረውን የአራት አከፋፈል ተጫዋቿ በእጇ ጨርሳዋለች። ዙሪያዋን የተቀመጡት ልጆችም ተራቸውን ስለሚጠብቁ ዓይናቸውን ከእጇ ላይ አያነሱም፤ አንዲት ጠጠር ብትቀር ወይም ብትተርፍ ዝም የሚል የለም። ገበጣ ደግሞ ሌላ ችሎታ ይጠይቃል። የለመደ ተጫዋች በጉድጓዱ ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ በዓይኑ ገምቶ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ያውቃል። ሁለቱም ጨዋታዎች የተጻፈ ቁጥር የላቸውም። የትምህርት ቤት ፈተና የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ እጅ የሚያውቀውን ብዛት ከቃሉና ከምልክቱ ጋር ማገናኘት አለበት።

በአውሮፓ ለዚህ ጥያቄ በግልጽ መልስ ከፈለጉት አንዱ ስዊሳዊው ዮሐን ሃይንሪክ ፔስታሎዚ ነበር። በኢቨርዶን በነበረው ትምህርት ቤቱ ልጆች ከምልክቱ በፊት ነገሩን ራሱን እንዲያዩና እንዲዳስሱ ይደረግ ነበር። ከ1808 እስከ 1810 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚያ የቆየው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል ሐሳቡን ወስዶ ከትምህርት ዕድሜ በታች ላሉ ሕፃናት አመጣው። በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት ማዋያ ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም አወጣለት። በአማርኛ «አፀደ ሕፃናት» የሚባለው የዚሁ ስም ቀጥተኛ ፍቺ ነው።

ፍሮብል በወጣትነቱ የማዕድን ክሪስታሎችን ቅርጽ አጥንቷል፤ ያም በመጫወቻዎቹ ላይ በጉልህ ይታያል። «ስጦታዎች» ብሎ ከሰየማቸው ውስጥ ሦስተኛው በስምንት እኩል ትናንሽ ኩቦች የተከፈለ አንድ ኩብ ነው። ልጁ ለሁለት ሲገምሰው አራትና አራት፣ እንደገና ሲገምሰው ሁለት ሁለት፣ በመጨረሻም አንድ አንድ ያገኛል፤ መልሶ ሲገጥመውም ያው አንድ ኩብ ነው። ከስጦታዎቹ ጎን በክብ ቆመው የሚዘፍኑበትና የሚዘሉበት የጋራ ጨዋታም ነበር፤ ፍሮብል ሁለቱን አልነጣጠላቸውም። የፕሩሽያ መንግሥት በ1851 አፀደ ሕፃናትን ከለከለ። እግዚአብሔርን መካድና ሶሻሊዝምን ያስተምራሉ የሚል ጥርጣሬ ነበር፤ የፍሮብልን ስም ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮብል ጽሑፎች ጋር ማምታታትም ተጨመረበት። ፍሮብል በ1852 ሲሞት እገዳው በቦታው ነበር፤ የተነሣው በ1860 ነው።

ሐሳቡ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ የደረሰበት ነገር ከእገዳው የከፋ ነው ማለት ይቻላል። በብዙ ቦታ ልጆች በካሬ መስመር የተከፋፈለ ጠረጴዛ ፊት ተደርድረው፣ በመምህሯ ትእዛዝ ኩቦቹን እኩል የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ወታደሮች ሆኑ። መጫወቻው ቀረ፤ ጨዋታው ሄደ።

ማሪያ ሞንቴሶሪ በሌላ መንገድ መጣች። ሐኪም የነበረችው ጣልያናዊት በጥር 6 ቀን 1907 በሮም ድሃ ሰፈር በሳን ሎሬንዞ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ከፈተች። የቁጥር መሣሪያዎቿ ሲበዛ የታሰበባቸው ናቸው። አሥር ዘንጎች አሉ፤ አጭሩ 10 ሳንቲሜትር፣ ረጅሙ 1 ሜትር፣ በየ10 ሳንቲሜትሩ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ። ሰባትን የሚያነሣ ልጅ ሰባትን እንደ አንድ ነገር በሁለት እጁ ይሸከማል፤ ከአራት የበለጠ መሆኑንም ክንዱ ይነግረዋል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው፣ በራሱ ምንጣፍ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ሞንቴሶሪ የግል ሥራ መምህር ተደርጋ ትታያለች፤ ይህ ግን ሙሉ ሥዕሉ አይደለም።

ዜሮን ያስተማረችበት መንገድ የጋራ ጨዋታ ነው። አንዱን ልጅ ዜሮ ጊዜ ወደ እርሷ እንዲመጣ ትጠራዋለች። ልጁ ሮጦ ይመጣል። እርሷ የጠራችው ዜሮ ጊዜ ሆኖ ሳለ እርሱ ግን አንድ ጊዜ እንደመጣ ታስረዳዋለች፤ ሌሎቹ ይስቃሉ፤ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ከቦታው ንቅንቅ የማይል ልጅ ይገኛል። በሌላው ጨዋታ ልጆቹ ቁጥር የተጻፈበት የታጠፈ ወረቀት ያወጣሉ፤ ቁጥሩን ለማንም ሳያሳዩ በልባቸው ይዘው ሄደው በዚያው ልክ ዕቃ ይዘው ይመለሳሉ። ዜሮ የደረሰው ልጅ ሁሉም ሲራወጥ እያየ ተቀምጦ ይቀራል። ለሕፃን እጅግ ከባድ ሥራ ነው፤ ያለጓደኞቹ ግን ትርጉም የለውም። ሁሉም ሲሄድ ባይታይ ኖሮ ባዶ እጅ መቅረት ቁጥር መሆኑ አይገባም።

በ1941 ዣን ፒያዤና አሊና ሸሚንስካ ስለ ቁጥር በልጅ አእምሮ መወለድ ያሳተሙት መጽሐፍ ክርክሩን ቀየረው። ሁለት እኩል ረድፍ ዕቃ ፊቱ የተደረደረለት ትንሽ ልጅ አንደኛው ረድፍ ሲዘረጋ «ይሄ በዛ» ይላል፤ ስለዚህ መቁጠር መቻሉ ብቻውን ቁጥርን መረዳት አይደለም። ውጤቱ ለብዙ ጊዜ ጸንቶ ቆየ። በ1974 ጀምስ ማክጋሪግልና ማርጋሬት ዶናልድሰን አሠራሩን በትንሹ ለወጡት፦ ረድፉን የሚያዛባው መርማሪው ሳይሆን ከሣጥኑ የሚወጣ ባለጌ የድብ አሻንጉሊት ሆነ። በዚህ ጊዜ እኩልነቱ እንዳልተለወጠ የተናገሩት ልጆች ከበፊቱ እጅግ በዙ። አንድ ትልቅ ሰው ሆን ብሎ ነካክቶ ደግሞ ሲጠይቅ ልጁ መልሱ መለወጥ እንዳለበት ይገምት ነበር፤ ነገሩ ጨዋታ ሲሆን የሚያውቀውን ተናገረ።

የፒያዤን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት ሁለት ሰዎች አንዱ በአሌክሳንድሪያ የተወለደው ካሌብ ጋተኞ ነበር። ጋተኞ በ1953 ወደ ቤልጂግ ከተማ ወደ ቱዋን ሄዶ የዦርዥ ኪዝኔርን ክፍል ጎበኘ። ኪዝኔር የሙዚቃ ሰው ነበር፤ ልጆች ዜማን በቀላሉ ሲይዙ ሒሳብን ለምን ይፈራሉ የሚለው ጥያቄ አሥር ባለቀለም ዘንጎችን እንዲሠራ አደረገው። ነጩ 1 ሳንቲሜትር፣ ብርቱካናማው 10 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ የሞንቴሶሪ ዓይነት መቁጠሪያ መስመር የለባቸውም። ቢጫው አምስት የሆነው ቀዩና ፈዛዛው አረንጓዴ ሲገጣጠሙ እርሱን ስለሚያክሉ ነው። ልጆች ማን ብዙ ዓይነት «ባቡር» ሠርቶ አንዱን ዘንግ እንደሚያክል ሲሽቀዳደሙ መደመር በመካከላቸው ይወለዳል። ጋተኞ ዘንጎቹን በብዙ አገር አስተዋወቀ፤ በ1957 ደግሞ የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት እንዲያግዝ በዩኔስኮ ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። እዚህ የአማርኛን ፊደል ለማስተማር ያደረገው ሙከራ፣ በኋላ ድምፆችን በቀለም እየለየ ንባብ ለሚያስተምርበት ዘዴው መነሻ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ዋናው ባለታሪክ ዕቃው ነበር፤ ኩብ፣ ዘንግ፣ ቀለም። ፊቱን ወደ ልጆቹ ያዞረችው በጄኔቫ ከፒያዤ ጋር የሠራችው ኮንስታንስ ካሚ ናት። በ1980 ከሬታ ደቭሪስ ጋር ስለ ቡድን ጨዋታ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ቁጥር ከዘንግ ውስጥ ተመዝዞ የሚወጣ ሳይሆን ልጁ በራሱ አእምሮ የሚያበጀው ግንኙነት ነው ስትል ተከራከረች፤ ለዚህ ደግሞ ከመምህር እርማት ይልቅ የእኩያ ሙግት ይረዳል። በካርታ ጨዋታ ሁለት ልጆች በየፊናቸው ሁለት ሁለት ካርታ ይገለብጣሉ፤ ድምሩ የበለጠው አራቱንም ይወስዳል። አንዱ 4 እና 3፣ ሌላው 5 እና 2 ቢያወጣ ጠብ ይነሣል፣ ከዚያም ቆጠራ፣ ከዚያም ስምምነት። መምህሯ ገብታ «እኩል ናችሁ» ብትል ሙግቱም ትምህርቱም በዚያው ያበቃል። ካሚ ለዚህ የሰጠችው ግምት ተገቢ ነው፤ ከእርሷ በኋላ የመጡት ጥናቶች ውጤቱን በትክክል ቢለኩም ለጠቡ ብዙም ቦታ አልሰጡትም።

ከእነዚያ ጥናቶች የታወቁት የሮበርት ሲግለርና የጊታ ራማኒ ናቸው። በ2008 ባወጡት ሥራ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ፣ በአሜሪካ ከ1965 ጀምሮ በሚሠራው ሄድ ስታርት ፕሮግራም ለሚማሩ ሕፃናት አንድ ቀላል ሰሌዳ አዘጋጁ። ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው አሥር እኩል ካሬዎች ናቸው። የሚሽከረከረው ቀስት 1 ወይም 2 ላይ ይቆማል፤ ልጁ በዚያው ልክ ይራመዳል። ለማነጻጸር ሌሎች ልጆች ቁጥር በሌለው ባለቀለም ሰሌዳ ተጫወቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ያህል፣ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ገደማ። በቁጥሩ ሰሌዳ የተጫወቱት ቁጥሮችን ማወዳደርና በመስመር ላይ ቦታቸውን መገመት ተሻላቸው፤ መሻሻሉም ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ አልጠፋም። ቀለም ብቻ የተጫወቱት ላይ ይህ አልታየም።

ምክንያቱ በሰሌዳው አሠራር ውስጥ ነው። ወደ 8 የደረሰ ልጅ ወደ 4 ከደረሰው እጥፍ ርቀት ሄዷል፤ አሻንጉሊቱን እጥፍ ጊዜ አንቀሳቅሷል፤ የቁጥር ስሞችን በእጥፍ ጠርቷል፤ ጊዜውም በዚያው ልክ ረዝሟል። ዓይን፣ እጅ፣ አፍና ትዕግሥት ስለ አንድ ብዛት በአንድነት ይመሰክራሉ። በ2009 ያው አሥር ቁጥር በክብ ሰሌዳ ሲቀርብ የመስመሩን ያህል አልረዳም። በ2012 ራማኒ፣ ሲግለርና ሂቲ ጨዋታውን ከተመራማሪና ከአንድ ልጅ ብቻ አውጥተው ወደ መማሪያ ክፍል አስገቡት፤ በጥቂት ልጆች ቡድን፣ በክፍሉ ረዳት መምህራን ሲመራም ጠቀመ።

እባብና መሰላልም በሕንድ የተወለደ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ የተስፋፋ የመቶ ካሬ ጨዋታ ነው፤ ቁጥርን ያስተምራል ተብሎ ሲታመን የኖረም ነው። ነገር ግን ረድፎቹ በየተራ አቅጣጫ ስለሚቀይሩ ትልቁ ቁጥር አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይገኛል፤ መሰላሉም ቆጠራውን እያስዘለለ ያልፋል። ሌላም ቀዳዳ አለው፤ አጨዋወቱ። ኤሊዳ ላስኪና ሲግለር በ2014 በመቶ ካሬ ሰሌዳ እንዳሳዩት፣ 5 ላይ ቆሞ 2 የደረሰው ልጅ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ቢራመድ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ «ስድስት፣ ሰባት» ሲል ግን የቁጥሮቹን ቦታ ይማራል።