የወርቁ ፈረስና የጋሞ እርጥብ ሣር

የካቲት 2001 ዓ.ም. ዋጋዱጉ፣ ቡርኪና ፋሶ። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ፌስፓኮ ከፍተኛውን ሽልማቱን፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ለፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሰጠ። መድረክ ላይ ወጥተው የተረከቡት እህታቸውና የፊልሙ ተባባሪ ፕሮዲዩሰር ሰሎሜ ገሪማ ነበሩ። «ጤዛ» ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጳጉሜን 2000 ዓ.ም.፣ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አግኝቷል። ገንዘብ እያጠረ ተሠርቶ እስኪያልቅ 14 ዓመት ፈጅቷል።

ለኃይሌ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጹት በ1966 ዓ.ም.፣ ዘውዱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ ነበር። ገበሬዎች ራሳቸው የተወኑበት ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም በ1968 ዓ.ም. በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፌስቲቫል የብር ነብር ተሸለመ። በ2006 ዓ.ም. የዘረሰናይ ብርሃነ «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ።

እነዚህ ፊልሞች ዓለምን ያሸነፉት ከአንድ መንደር ገመና ተነሥተው ነው። በ«ጤዛ» ውስጥ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። በ«ድፍረት» የአንዲት የገጠር ልጅ ጠለፋ ፍርድ ቤት ይደርሳል። በ«ላምብ» አንድ ልጅ የሚወዳት በጉ እንዳትታረድበት ይጨነቃል።

አገር ውስጥ በ2006 ዓ.ም. በዮናስ ብርሃነ መዋ የተመሠረተው ዓመታዊው የጉማ ፊልም ሽልማት የተሰየመው በሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ነው። ያ ፊልም የደም በቀልን ልማድ የሚመለከት ነው። በቀልን የሚያስቆም ሥርዓት ደግሞ በጋሞ ምድር ዛሬም አለ።

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው ሰዎች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ አደባባይ ወጣ። ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲንበረከክ እሱን አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህ በአንድ ቀን የተገኘ ጥበብ አይደለም። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ ጠብ የሚፈታበት የዱቡሻ አደባባይ በትውልዶች ቅብብል ያቆየው ነው።

ይህ ታሪክ በዜና ምስል ብቻ ሊቀር አይገባም። «ጤዛ» የተሠራበት ትዕግሥት ይገባዋል፤ በራሱ በጋሞ ሕዝብ ቋንቋ ሊነገርም ይገባል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ አንድ የፊልም ሳምንት ቢያዘጋጅና ለአካባቢው ወጣቶች ካሜራና ሥልጠና ቢሰጥ ጅምሩ ሩቅ አይሆንም። የአዲስ አበባ ባለሙያዎችም ጨንቻ ወጥተው ከአባቶች እግር ሥር ቁጭ ብለው ይስሙ። ሽልማቱ ከመጣ እሰየው፤ ከሁሉ በፊት ግን ታሪኩ ይቀረጽ። የተንበረከኩት አባቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና ካሜራ ያላችሁ ሁሉ ዘንድሮውኑ ጀምሩ።