ጎርፉ የማን ነበር? የውኃ አስተዳደር ታሪክ በቆቦ ቆላ

ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን የአንዱን ቀብር ፈጽመን በድንኳኑ ሥር ተቀምጠን ሳለ ጨዋታው እንደ ልማዱ ከዝናቡ ተነሥቶ ወደ ውኃ ዞረ። አንድ ወጣት አባል «የውኃው መሥሪያ ቤት ስሙ ደግሞ ተለወጠ አሉ እኮ» ቢል፣ አንድ አዛውንት ቀና ብለው «ልጄ፣ እኔ እንኳ የማውቀው ስንት ጊዜ ተለውጧል፤ ጎሊና ግን ያው ጎሊና ነው» አሉት። ሳቅን። ኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀንም። የስሙ መለዋወጥ እስከዚህ ቆላ ድረስ ምን ይዞ እንደ ወረደ፣ ከሽማግሎች የሰማነውን ከአዋጆቹ ካነበብነው ጋር አጣምረን ለአባላት ለማቅረብ አሰብን።

እንደሚታወቀው የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ በዞብል ሰንሰለት መካከል የተዘረጋ ነው። ዝናቡ ትንሽና የማይታመን ስለሆነ ማሽላችን፣ ደጋሌቱም ሆነ ጅጉርቴው፣ በሰማዩ ብቻ አይደርስም። ደጋው ላይ የዘነበው በጎሊና፣ በሆርማትና በአላውኃ ሲወርድ ጎርፉን ጠልፎ ማሳ ማጠጣት የአባቶቻችን ሥራ ነበር። ጎርፉ አንዳንዴ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ በኮከብ እንደ ተሞላ፣ ወንዙ ከሩቅ ያጉረመርማል። ያኔ የሰማ ላልሰማ ይጮኻል፤ ሰዉ አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። ክትሩ ከአሸዋ፣ ከድንጋይና ከእሾህ ቅርንጫፍ የተሠራ ስለሆነ ኃይለኛ ጎርፍ ሲመጣ ይጠረግና ዳግመኛ ይሠራል። ይህን ያየ እንግዳ ከንቱ ልፋት ነው ይላል። ነገር ግን መፍረሱም የራሱ ጥቅም ነበረው፤ ጎርፉ ከልክ ሲያልፍ ክትሩ ቀድሞ ስለሚሄድ ውኃው በወንዙ ይወርዳል፣ እርሻው ከመታጠብ ይድናል።

ሕጉ ያልተጻፈ ነው እንጂ ሕግ ነበር። ተራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቦይ ሲጠረግ ያልወጣ ውኃ አይደርሰውም፤ የታመመ ወይም ሐዘን ላይ ያለ ምትክ ይልካል። ይህን የሚያስከብረው በሰዉ የተመረጠው የውኃ አባት ነው። ነገሩ ሁሉ ከዕድራችን መተዳደሪያ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አባላት ያስተውሉታል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣ የለ!

መንግሥት በበኩሉ ውኃን በሕግ መያዝ የጀመረው ሌላ ቦታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውኃ የመጠቀም ቅድሚያ የማኅበረሰቡ መሆኑን ደነገገ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ እዚያ የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ስለነበረ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ነበር። በ1963 ዓ.ም. አዲስ አበባ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን አገኘች። ራያና ቆቦ በዚያን ጊዜ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሲሆን፣ የዚህ አገር ጎርፍ በማንም መዝገብ የነበረ አይመስልም። ከዚያ የ1965ና የ66ቱ ረኀብ መጣ። ስለዚያ ብዙ አንጽፍም፤ ከአባሎቻችን መካከል በዚያ ዘመን የቀበሩትን የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ሥልጣኑ ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ። አዋጁ የብዙ ጭሰኛ ዕንባ አብሷል። ነገር ግን ሽማግሎቹ እንደሚነግሩን የውኃው ተራ ከመሬቱ ጋር የተሳሰረ ስለነበረ፣ መሬቱ ሲከፋፈል የተራው ሐረግ ተምታታ፤ የውኃ አባቱም ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ሥልጣን ይሻማ ጀመር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የብሔራዊ የውኃ ሀብት ኮሚሽን ተደራጅቶ የመጠጥ ውኃውን፣ የግንባታውን፣ የሜትሮሎጂውን ሥራ በአንድ ጥላ ሥር ሰበሰበ። አደረጃጀቱ ሲታይ ሸጋ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ግን ኮረምና ቆቦ ምን እንዳዩ ዓለም ያውቃል።

እንግዲህ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የውኃ ሀብት ሚኒስቴር ተቋቋመ። ሕገ መንግሥቱም ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙትን ውኃዎች አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ። ያ አንዱ አውራጃችን በሁለት ክልል ተከፍሎ ስለነበር ይህ አንቀጽ ለእኛ የሩቅ ነገር አልነበረም፤ ከሥር ያለው ውኃ ድንበር አይጠይቅም። በ1991 ዓ.ም. የውኃ ፖሊሲ፣ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 197 ወጣ። ፖሊሲው በገጠር ያለው ተጠቃሚ ቢያንስ የማንቀሳቀሻውንና የጥገናውን ወጪ እንዲሸፍን ያለመ ነው። አዋጁ ደግሞ ለቤት ፍጆታ የሚውለውን ውኃ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ውኃ የሚጠቀም ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘ፤ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖንና የውኃ ወፍጮን ግን ከፈቃድ ነፃ አደረገ። በኛ አስተያየት ይህ ነፃ ማድረግ አስተዋይነት ነበር። ያላሰበበት ግን አንድ ነገር አለ፤ የተተወ ሁሉ ይረሳል።

በዚያው በ1991 ዓ.ም. የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ጠብታና ርጭት የሚባለው መስኖ ገባ፤ ሜዳው በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም አወጣ። ይህን የሚያቃልል ሰው በ1977 እዚህ ያልነበረ ብቻ ነው። ነገር ግን በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ሕግ ቆመ። የጎርፉ ውኃ በጉልበት ይገኛል፣ በሽማግሌ ይዳኛል። የጉድጓዱ ውኃ በመብራት ይወጣል፣ በገንዘብ ይከፈላል፣ ፓምፑ ሲቃጠል ባለሙያ እስኪመጣ ይጠበቃል። ጎርፉንም ለማዘመን ተሞክሯል። በራያ ሸለቆ በሲሚንቶ ከተሠሩት መጥለፊያዎች ውስጥ ግን በጥቂት ክረምት በደለል የተደፈኑ አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ጥርት ብሎ ለሚፈስ ወንዝ በሚሆን ንድፍ ድንጋይና ጭቃ ይዞ የሚመጣ ጎርፍ አይያዝም። አንዱን ሽማግሌ ቀድሞ የጠየቀ ቢኖር ምናለ!

በ2003 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ከኢነርጂ ጋር ተጣመረ። በ2006 ዓ.ም. የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ወጥቶ ማኅበራቱ በሕግ የሚታወቁበትን መንገድ ከፈተ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ መስኖው ተለይቶ ለመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ተሰጠ። ወጣቱ በድንኳኑ ያነሣው ይህን መለዋወጥ ነው።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ቆቦ ሲደርስ መብራቱ ተቋረጠ። መብራቱ ሲጠፋ ጉድጓዱም ዝም አለ፤ ከመሣሪያውም የተበላሸና የተወሰደ አለ። ያኔ ከእኛ አንዳንዶቹ ወደ አባቶች ቦይ ለመመለስ አስበን ዶማችንን ይዘን ወጣን። ቦዩን ግን ልናገኘው አልቻልንም። ታርሶ ማሽላ ተዘርቶበታል። የባለ ማሳው ልጅ «ቦይ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አለን፤ እውነቱን ነው። የተራውን ሐረግ ከላይ እስከ ታች የሚያውቁት በሰፈራችን ሁለት ሽማግሎች ብቻ ቀርተው ነበር። አንደኛው ያን ዕለት የቀበርነው አባላችን ነው።

ከአርባው በኋላ የዕድሩን መዝገብ ይዘን ወደ ሁለተኛው ሽማግሌ ቤት ሄድን። ቡና ተፈላ። ከወንዙ አፍ ጀምረው ቦዮቹን በስማቸው እየጠሩ፣ ከማን ማሳ ማን እንደሚቀጥል ያስጽፉን ጀመር። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ብዙ አሰቡ። «ከዚህ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው እሱ ነበር» አሉን።

መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ነው። ከስምንተኛው በታች ያለውን ከአባቱ የሰማ አባል ካለ ወርኀዊ መዋጮውን ሲያመጣ ያስጽፍልን።