ስም የተሸከመው ምሥጢር በፍቅር እስከ መቃብር

የአማርኛ ልብ ወለድ ከውልደቱ ጀምሮ ለገጸ ባሕርያቱ ስም የሚያወጣው ዝም ብሎ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ ዋናዋ ልጅ ጦቢያ ትባላለች፤ ስሟ ሲጠራ አገሪቱ ትታሰባለች። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባወጡት አዲስ ዓለም ደግሞ ፓሪስ ተምሮ ተመልሶ በተዝካርና በጋብቻ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር የሚሟገተው ወጣት ስሙ አወቀ ነው። በሁለቱም ሥራዎች ምሳሌው ገና ከስሙ ፊት ለፊት ይታያል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ይህንኑ ልማድ ወርሰው ረቂቅ አደረጉት። የመረጧቸው ስሞች በጎጃም ገጠር በየቤቱ የሚጠሩ ናቸው፤ ሰሙ የተለመደ ስለሆነ ወርቁ ወዲያው አይገለጥም። የልጅ ስም ከአባት ስም ጋር ሲጣመር ዓረፍተ ነገር መስጠቱም አግዟቸዋል። በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ገበሬዎች የሚመራው ሰው አበጀ በለው ይባላል፤ አድናቆቱም ፍልሚያውም በሁለት ቃል አለቀ። መሸሻ የሚለው ስም መጠጊያን ያመለክታል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ግን ለገበሬው መጠጊያ ሊሆኑት ቀርቶ ራሳቸው የሚያስመርሩት ጌታ ናቸው።

ከሁሉም የጠለቀው ተቃርኖ በፊታውራሪ መሸሻና በካሳ ዳምጤ መካከል ያለው ነው። ሁለቱ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። አንዱ የዘር ክብርን የሕይወት ሁሉ መለኪያ አድርገው ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል እኩያ ባል እስኪያጡ ድረስ ይኮራሉ፤ ሌላው ከዚያው ወገን ተወልዶ ያንኑ ሥርዓት ይነቅፋል። የአገሩ ሰውም ጉዱ ካሳ ይለዋል። ፊታውራሪ እና ጉዱ ከስም ፊት በአንድ ቦታ የተቀመጡ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ሹመት ሰጠው፣ ሌላውን መገለል። ደራሲው ኅብረተሰቡ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደ እብድ እንደሚቆጥር ከዚህ በላይ አጭር በሆነ መንገድ ሊያሳዩ አይችሉም ነበር።

የፍቅረኞቹ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ጥንድነት ሌላ ዓይነት ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የወለዱት የማንኩሳው ልጅ በዛብህ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ነው፤ እሱ ግን አድጎ በዓለማዊ ፍቅር ተያዘ። ሰብለ በአንጻሩ ለባላባት ትዳር የታሰበች የጌታ ልጅ ናት፤ መጨረሻዋ ቆብ መጫን ሆነ። የተሳለው ወደ ዓለም፣ ለዓለም የታሰበችው ወደ ምንኵስና ሄዱ። ወንጌል የሚለው የስሟ ክፍል በመጽሐፉ መጀመሪያ የጌጥ ያህል ቢመስልም ፍጻሜው ላይ ሙሉ ክብደቱን ያገኛል፤ በዛብህ የሚለውም በደረሰበት መከራ ብዛት ተተርጉሞ ይነበባል።

መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ከተተረከ በኋላ ስሞቹ መጽሐፉን ባላነበበ ሰው አፍ ሳይቀር ገቡ። ዛሬም ሌላው የፈራውን እውነት ደፍሮ የሚናገርን ሰው ጉዱ ካሳ ማለት የተለመደ ነው።